ሳቁም ስጋቱም ሳያመልጥ፦ «ስሎው ሆርስስ»ን እንዴት እንደሚመለከቱ

የስለላ ድራማ ነው ብሎ «ስሎው ሆርስስ»ን የሚጀምር ሰው ሳቁ ግራ ያጋባዋል። ኮሜዲ ነው ብሎ የሚጀምር ደግሞ ደሙ ያስደነግጠዋል። አንዳንዶች ገና መጀመሪያው ላይ የሚያቆሙትም በዚሁ የተነሳ ነው። በዚህ ተከታታይ ድራማ ግን የሚያስቀውና የሚያስፈራው ነገር ከአንድ ቦታ ይመነጫል፤ ከሰዎቹ ጉድለት። አደጋው የምር ነው፣ የሚሞተው ሰውም የምር ይሞታል፤ አደጋው ላይ የሚደርሱት ግን መሥሪያ ቤታቸው አንፈልጋችሁም ያላቸው ሰላዮች ናቸው። ይህን ይዘው ካዩት ሳቁ ፍርሃቱን አያበርደውም፤ ያባብሰዋል።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያስፈልግዎ እውቀት ጥቂት ነው። ኤምአይ5 በብሪታንያ ምድር ላይ የሚሠራው የደኅንነት ተቋም ነው፤ ውጭ አገር የሚሰልለው ኤምአይ6 ነው። የእውነተኛው ኤምአይ5 ዋና መሥሪያ ቤት በለንደን ከቴምስ ወንዝ ዳር ሲሆን በድራማው ግን ሪጀንትስ ፓርክ ተደርጓል፤ ገጸ ባህርያቱ «ፓርክ» ሲሉ አለቆቹን ማለታቸው ነው። ጥፋት ሠርቶ ሊባረር ያልቻለ ሰላይ የሚጣለው ባርቢካን አጠገብ፣ ኦልደርስጌት ጎዳና ላይ ወዳለው ስላው ሃውስ ወደሚባል ያረጀ ሕንፃ ነው። እዚያ አሰልቺ የወረቀት ሥራ ይሰጠዋል፤ ዓላማው ራሱ ተማርሮ እንዲለቅ ነው። ከዚህ ሌላ ሦስት ቃላት ይያዙ፦ «ፈርስት ዴስክ» የተቋሙ የበላይ ነው፣ «ሴከንድ ዴስክ» ምክትሉ፣ «ዶግስ» ደግሞ የውስጥ ጥበቃ ክፍሉ።

ቅደም ተከተሉን አይዝለሉ። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2022 እስከ 2025 አምስት ሲዝን በአፕል ቲቪ ወጥቷል፤ እያንዳንዱ ስድስት ክፍል አለው፣ በድምሩ 30። አንዱ ሲዝን አንድ ታሪክ ይጨርሳል፤ ስለዚህ ከመካከል መጀመር የሚቻል ይመስላል። አይቻልም ባይባልም ያከስራል። ለምሳሌ የአራተኛው ሲዝን ክብደት ያረፈው ወደ ስላው ሃውስ በተጣለው ወጣት ሰላይ በሪቨር ካርትራይትና በአያቱ ዝምድና ላይ ነው፤ ያ ዝምድና የሚተከለው በመጀመሪያው ሲዝን፣ ምንም በማይመስሉ የቤት ውስጥ ንግግሮች ነው። እነዚያን ያላየ ሰው አራተኛውን ሲዝን ታሪኩን ተረድቶ ስሜቱን ሳያገኝ ይጨርሰዋል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች በአንድ ምሽት ይመልከቱ። ሲዝን አንድ ሲወጣም ሁለቱ አብረው ነበር የወጡት፣ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ምክንያቱም መክፈቻው በስታንስቴድ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የሚደረግ ልብ የሚሰቅል ማሳደድ ነው፤ ወዲያው ቀጥሎ ፍጥነቱ ይወድቅና ሪቨርን ወለል ላይ ቆሻሻ ሲበረብር እናገኘዋለን። ተመልካች የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው። ያ ውድቀት ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ሪቨር ከየት ወደየት እንደወረደ በእሱ ሰውነት ላይ እንድናየው ነው። ሁለተኛውን ክፍል ሲጨርሱ አንድ ወጣት የሚታፈንበት ታሪክ ስለሚይዝዎ ቀሪዎቹን አራቱን በሁለት ምሽት ማዳረስ ይቻላል። ስድስቱን በአንድ ቀን መጨረስ አይመከርም፤ ስድቡ እየተደራረበ ሲመጣ ጆሮ ይለምደዋል፣ ሲለምደው ደግሞ አያስቅም።

በማሳደዱ ወቅት ስልክዎን ያስቀምጡ። ተጠርጣሪው የለበሰው ነጭ ሸሚዝ በሰማያዊ ቲሸርት ነው ወይስ ሰማያዊ ሸሚዝ በነጭ ቲሸርት? ጥያቄው ተራ ይመስላል፤ የአንድ ሰው ሙሉ የሥራ ዕድል ግን የሚሰበረው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። ማን እንደተናገራት፣ ማን እንደሰማት ልብ ይበሉ።

ድምፁ ላይ እናተኩር። ጋሪ ኦልድማን የሚጫወተው የስላው ሃውስ አለቃ ጃክሰን ላምብ አፉ ውስጥ ምግብ ወይም ሲጋራ ይዞ ነው የሚያወራው፤ ንግግሩ ይዋጣል። የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ያብሩ፤ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ ለሚናገር ሰው እንኳን ይጠቅማል። በሌላ ቋንቋ ድምፅ የተተካበትን ቅጂ ግን ይተዉት። የላምብ ቀልድ ግማሹ ያለው በስልቹ ድምፁና ፊቱ ላይ ምንም ባለመታየቱ ነው፤ ድምፁ ከሄደ የሚቀረው ስድብ ብቻ ነው። የተቀዳ የተመልካች ሳቅም አይኖርም፤ መቼ እንደሚሳቅ የሚነግርዎ የለም።

ላምብን ማንበብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በመጀመሪያ ስናገኘው በገዛ ፈሱ ድምፅ ከእንቅልፉ ይነቃል። ካልሲው የተቀደደ፣ ካፖርቱ የቆሸሸ ነው። አብዛኛው ሰው ይህን አይቶ «ሰካራም ሽማግሌ» ብሎ ይደመድምና የእሱን ትዕይንቶች እንደ ማረፊያ ያያቸዋል። ስህተቱ እዚህ ነው። ላምብ ይበልጥ አስጠሊታ በሆነ ቁጥር አንድ ነገር እየተመለከተ ነው፤ የሚሰድበው ሰው ሲናደድ የሚያመልጠውን ቃል ይጠብቃል። ስለዚህ ሲሳደብ ዓይንዎ እሱ ላይ ሳይሆን የተሰደበው ሰው ላይ ይሁን። ከዚያ ወደ ላምብ ይመለሱ።

ሌላው የሳቅ ምንጭ ስብሰባ ነው። ተከታታዩን ከሚክ ሄረን መጻሕፍት ወደ ስክሪን ያመጣው ዊል ስሚዝ (የሆሊውዱ ተዋናይ አይደለም፣ ሞክሼው የሆነ እንግሊዛዊ ጸሐፊ ነው) ቀደም ሲል በፖለቲከኞች ላይ የሚያላግጡ ኮሜዲዎችን ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 በድራማ ጽሑፍ የኤሚ ሽልማት ወስዷል። የፓርክ ትዕይንቶች ላይ እጁ ይታወቃል፦ ክሪስቲን ስኮት ቶማስ የምትጫወታት «ሴከንድ ዴስክ» ዳያና ታቨርነር ስታወራ ዓረፍተ ነገሮቿ ሁሉ ነገ ምርመራ ቢመጣ እንዳይይዟት ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ምን እንዳለች ብቻ ሳይሆን ምን ሳትል እንደቀረች ይያዙ።

በመጀመሪያው ሲዝን የታፈነው ወጣት መድረክ ላይ ቆሞ ለማሳቅ የሚሞክር ተማሪ ነው። አፋኞቹ በኢንተርኔት በቀጥታ አንገቱን እንቀላለን ይላሉ። እርስ በርስ የሚጠራሩት ደግሞ ከርሊ፣ ሞ፣ ላሪ በሚሉ የጥንት አሜሪካውያን ኮሜዲያን ስሞች ነው። ይጨቃጨቃሉ፣ ያቅዳሉ፣ ያበላሻሉ። ሞኝነታቸው ያስቃል፤ ግን ሞኝ ሰው ካራ ሲይዝ ምን እንደሚያደርግ መገመት አይቻልም። የዚህ ድራማ ውበት ተጨምቆ የሚገኘው በእነዚህ ትዕይንቶች ነው፤ ቢያስጨንቅም አይዝለሏቸው። ስድቡና ደሙ ግን ለልጆች አይሆንም፤ ልጆች ሲተኙ ይመልከቱ።

አንዳንድ ጥንቃቄዎች ይቀራሉ። የተዋናዮችን ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ አይፈልጉ፤ ማን በስንት ክፍል እንደተሳተፈ ማየት ብቻውን ማን እንደሚሞት ያጋልጣል፤ እዚህ ደግሞ ከዋናዎቹም የሚሞት አለ። ሲዝን አንድና ሁለት ተያይዘው ስለተቀረጹ አንደኛው መጨረሻ ላይ የሁለተኛው ቅንጭብ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ያጥፉት። የሚክ ጃገር መክፈቻ ዘፈን ቢያንስ አንዴ ሙሉውን ይደመጥ።

ስድስቱን ሲጨርሱ ወደ ክፍል አንድ ተመልሰው የስታንስቴዱን ትዕይንትና የታቨርነርን ንግግሮች ብቻ ደግመው ይዩ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የመጀመሪያውን መጽሐፍ (እ.ኤ.አ. 2010) ማንበብ ከፈለጉም ከዚህ በኋላ ያንብቡት። እያንዳንዱ ሲዝን በአንድ መጽሐፍ ላይ ስለተመሠረተ ቀድመው ካነበቡ ስጋቱ ይቀንሳል፤ ዘግይተው ካነበቡ ግን ካሜራ ሊገባበት ያልቻለውን የገጸ ባህርያቱን ሐሳብ ያገኛሉ።