ዓይን ተመትቶ ወደ ስፖርት ሲመለሱ

የሰፈር ጨዋታ ላይ ኳስ ወይም የሰው ክርን ዓይናችሁን መታችሁ እንበል። ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ጠብታ ታዘዘላችሁ፣ ሕመሙም ለቀቃችሁ፣ አሁን ሜዳው ናፈቃችሁ። ቆዩ እስቲ። ሕመም ጠፋ ማለት ዓይኑ ዳነ ማለት አይደለም፤ ረቲና (ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ሲቀደድ እንኳ አያምም። ስለዚህ ሐኪሙን መጀመሪያ «የተጎዳው የቱ ክፍል ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መቼ እንደምትመለሱ የሚወስነው ይሄ ነው።

ቀላሉ ጭረት ነው። ኮርኒያ የሚባለው የፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን ትንሽ ከተጫረ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ይድናል። ሐኪሙ አይቶ ድኗል ካለ ሶምሶማ ይቻላል። ኮንታክት ሌንስ ግን እስኪፈቀድላችሁ አታድርጉ። ቴትራሳይክሊን ቅባት ተቀብቶ መሮጥም ይቅር፤ እይታ ያደበዝዛል፣ የአዲስ አበባ የእግረኛ መንገድ ደግሞ ክዳን የሌለው ጉድጓድ አያጣም።

ከበድ የሚለው ዓይን ውስጥ ደም ሲፈስ ነው። ነጩ ላይ የሚታየውን መቅላት አይደለም የምለው፤ ከኮርኒያው ኋላ፣ ከጥቁሩ ክፍል ፊት ደም ሲጠራቀም ነው። ከተመታችሁ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ እንደገና ሊደማ ይችላል፣ ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይብሳል። ስለዚህ ቢያንስ የመጀመሪያውን ሳምንት ሩጫ የለም፣ ክብደት የለም፣ ገመድ ዝላይ የለም። ትራስ ደርባችሁ ከራስጌ ቀና ብላችሁ ተኙ። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ሐኪም ካላዘዘ አትውሰዱ፣ መድማቱን ሊያባብሱት ይችላሉ። ብዙ ሰው የማያነሳው ነገርም አለ፦ ስግደትና ሱጁድ። ስፖርት ባይሆኑም ጭንቅላት ሲደፋ የዓይን ግፊት ይጨምራል። ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁት፣ እስኪፈቅድም ጸሎታችሁን ቆማችሁ ወይም ተቀምጣችሁ አድርሱ።

ሲፈቀድላችሁ ከእርምጃ ጀምሩ፣ ሜዳማ በሆነና በምታውቁት መንገድ። አንዱ ዓይን ተሸፍኖ ወይም ደብዝዞ ከሆነ ርቀት መገመት ይከብዳል፣ ደረጃ ያሳስታል፤ ለዚህ የጂም ቋሚ ብስክሌት ግሩም ነው። ከዚያ ሶምሶማ። ክብደት በስተመጨረሻ፣ እሱም ቀላል ቀላሉን። ትንፋሽ ይዞ እያቃሰቱ ማንሳት የዓይን ግፊትን ወዲያው ከፍ ያደርጋል፤ ስታነሱ ትንፋሻችሁን አውጡ። «አንድ ጨምር፣ አንድ ጨምር» የሚል የጂም ጓደኛ ለጊዜው ይቅርባችሁ። ዋናም ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሞከርም።

ለረቲና ኦፕሬሽን ዓይናችሁ ውስጥ ጋዝ የተሞላላችሁ ካላችሁ ይችን በደንብ አንብቡ። ጋዙ እስኪጠፋ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፣ እስከዚያ አውሮፕላን ክልክል ነው። ግን አውሮፕላን ብቻ አይደለም። ወደ ከፍታ ስትወጡ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ጋዙ ይለጠጣል፣ ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ እይታ እስከማሳጣትም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ልምምድ ብሎ እንጦጦ መውጣት፣ ወይም አዳማ ሰንብቶ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው አዲስ አበባ መመለስ ሐኪም ሳያውቅ አይደረግም።

ኳስና ቦክስ መጨረሻ ላይ ናቸው፣ ቴስታ ደግሞ ከሁሉም መጨረሻ። ስትመለሱ ፖሊካርቦኔት (በቀላሉ የማይሰበር ፕላስቲክ) ሌንስ ያለው የስፖርት መነጽር አድርጉ፤ ተራ መነጽር ተሰብሮ ራሱ ሊወጋ ይችላል። ሰው ይስቅብኛል የምትሉ ሆላንዳዊውን እግር ኳስ ተጫዋች ኤድጋር ዴቪድስን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1999 የግላኮማ (ብዙውን ጊዜ ከዓይን ግፊት መጨመር ጋር የሚመጣ የዓይን ነርቭ ጉዳት) ኦፕሬሽን ካደረገ በኋላ በመነጽር ነው የተጫወተው፣ መነጽሩም መታወቂያው ሆነ።

ልምምድ ላይ ሳላችሁ ብልጭታ ካያችሁ፣ ጥቁር ነጠብጣቦች በድንገት ከበዙ፣ እንደ መጋረጃ ያለ ነገር ከጎን ከመጣ፣ ዓይን ካመመ ወይም እይታ ከቀነሰ ወዲያው አቁሙና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ዓይን ውስጥ ደም ፈሶ የነበረባችሁ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ድናችሁ እየተጫወታችሁም ቢሆን የዓይን ግፊታችሁን በየዓመቱ አስለኩ፤ ግላኮማው ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል።