በሳንባ ንቅለ ተከላ ጊዜ የአንስቴዥያ አሰጣጥ

በሳንባ ንቅለ ተከላ የመጀመሪያው አስጊ ቅጽበት ታካሚው በአንስቴዥያ (በማደንዘዣ መድኃኒት) እንዲተኛ የሚደረግበት ነው። በተለይ የሳንባ ደም ግፊት ያለበት ሰው የቀኝ ልቡ በድንገት ሊደክም ስለሚችል፣ የአንስቴዥያ ሐኪሙ የደም ግፊት መከታተያውን ደም ወሳጅ ቧንቧ ውስጥ አስቀድሞ ያስገባ፤ የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርገውን ኖርኤፒነፍሪን አዘጋጅቶም የማስተኛ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ይስጥ። ከዚያ ሁለቱን ሳንባዎች ለየብቻ ለማስተንፈስ የሚያስችል ባለ ሁለት መስመር የመተንፈሻ ቱቦ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ ወደ ግራ ሳንባ የሚገባውን፣ አስገብቶ ቦታውን በብሮንኮስኮፕ (የአየር ቧንቧውን ውስጥ በሚያሳይ ቀጭን መሣሪያ) ያረጋግጥ፤ በማዳመጫ መስማት ብቻውን አያስተማምንም።

የሚወጣው ሳንባ ደም ወሳጅ ቧንቧ በመቆንጠጫ ሲዘጋ፣ በጉሮሮ በኩል በገባው የልብ አልትራሳውንድ የቀኙን ልብ ያለማቋረጥ መመልከት ያስፈልጋል። ልቡ ከተወጠረ የሳንባን የደም ሥሮች የሚያሰፋ፣ በትንፋሽ የሚሰጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ፣ ለምሳሌ 20 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 20 እጅ)፣ ይሞከራል፤ ካልረዳ ግን፣ በእኔ እምነት፣ መድኃኒት እየደራረቡ ከመዘግየት ቶሎ ወደ ኤክሞ (ከሰውነት ውጭ ሆኖ የልብንና የሳንባን ሥራ ወደሚያግዝ መሣሪያ) መሻገር ይሻላል።

ደም ወደ አዲሱ ሳንባ ሲመለስ ችኮላ ሳንባውን ይጎዳል። ስለዚህ መቆንጠጫው በ10 ደቂቃ ገደማ ቀስ እያለ ይከፈት፤ ኦክስጅኑ ለታካሚው ከሚበቃው አይለፍ፤ የእያንዳንዱ ትንፋሽ መጠንም ሁለቱም ሳንባዎች ከተተከሉ በኋላ በለጋሹ ቁመትና ጾታ ከሚሰላው ክብደት በኪሎ 6 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይሁን። አዲሱ ሳንባ በቀላሉ ውሃ ስለሚቋጥር፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ በቁጠባ ይሰጥ።