ባድሚንተን ተጫዋች የትኛውን ሳፕሊመንት፣ ስንት፣ መቼ ይውሰድ?

በባድሚንተን አንድ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሰከንድ አካባቢ ቢወስድ ነው። ተጫዋቹ ይዘላል፣ ስማሽ (ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ኃይለኛ ምት) ይመታል፣ ወደ መረቡ ይወረወራል፤ ትንፋሹን በቅጡ ሳይሰበስብ ቀጣዩ ሰርቭ (ነጥቡን የሚያስጀምረው ምት) ይደርሳል። እንዲህ እያለ አንድ ሰዓት ሊዘልቅ ይችላል። በዚያ ላይ ነጥብ የሚገኘው በጉልበት ብቻ ሳይሆን በጣት ስስነትም ነው። ለማራቶን ሯጭ ወይም ለክብደት አንሺ የሚመከረው ሁሉ ለዚህ ጨዋታ የማይሆነው በዚህ የተነሳ ነው። ከሚሸጠው የሳፕሊመንት (ከምግብ በተጨማሪ የሚወሰድ ማሟያ) መዓት ውስጥ ለባድሚንተን የሚረባው ከአንድ እጅ ጣቶች አይበልጥም፤ እሱም ቢሆን ምግብና እንቅልፍ ሲሟሉ ነው የሚሠራው።

ገንዘብ በብዛት የሚባክነው ቫይታሚን ላይ ስለሆነ ከዚያ እንጀምር። ቫይታሚን ጉድለትን ይሞላል እንጂ ጉልበት አይጨምርም። እንክብሉን ከዋጡ በኋላ ሽንታቸው ደማቅ ቢጫ ሲሆን «እየሠራልኝ ነው» የሚሉ አሉ፤ ያ ቀለም ሰውነት ያልፈለገው ቫይታሚን ቢ2 ተርፎ ሲወጣ የሚታይ ነው። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ደም ይመርመሩ። ለባድሚንተን ተጫዋች ሁለት ነገር ማየት ይበቃል፦ ቫይታሚን ዲ እና ፌሪቲን።

ቫይታሚን ዲ የሚያስፈልገው ጨዋታውም ልምምዱም አዳራሽ ውስጥ ስለሆነ ነው፤ ፀሐይ አያገኙም። ውጤቱ በሚሊሊትር ከ20 ናኖግራም በታች ከሆነ ጉድለት አለ ማለት ነው። በቀን ከ1000 እስከ 2000 ዓለም አቀፍ ዩኒት፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይውሰዱ፤ በባዶ ሆድ ከተወሰደ በደንብ አይመጠጥም። ከ8 እስከ 12 ሳምንት ቆይተው እንደገና ይለኩ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ4000 ዩኒት አይለፉ፤ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ ያደርጋል።

ፌሪቲን የብረት ክምችትን ያሳያል። ከ30 ማይክሮግራም በሊትር በታች ሲወርድ፣ የደም ማነስ ገና ባይመጣም እንኳ እግር ሊከብድ ይችላል፤ በተለይ የወር አበባ በሚያዩ ተጫዋቾች ላይ የተለመደ ነው። ምርመራውን በውድድር ማግስት ወይም ጉንፋን ይዞዎት አያድርጉ፤ የሰውነት መቆጣት ፌሪቲንን ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ ጉድለቱ ይደበቃል። ሐኪም አይረን (የብረት ኪኒን) ካዘዘልዎ በየቀኑ ሳይሆን አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁት፤ ከእያንዳንዱ ኪኒን የሚመጠጠው ድርሻ በዚህ መንገድ ይሻላል። ቫይታሚን ሲ ካለው ነገር ጋር ይዋጥ፤ ሻይ፣ ቡናና ወተት ግን ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ። ሰገራ ቢጠቁር አይደንግጡ። ጉድለት ሳይኖር «ለብርታት» ብሎ አይረን መዋጥ ግን ጉበትን እስከመጉዳት ይደርሳል።

ቫይታሚን ሲን በቀን 1000 ሚሊግራም፣ ቫይታሚን ኢንም እንዲሁ በከፍተኛ መጠን መውሰድ ለልምምድ ወቅት አይመከርም። ጡንቻ የሚጠነክረው ልምምዱ የሚፈጥርበትን ጫና እንደ ምልክት ተቀብሎ ነው፤ እነዚህ በብዛት ሲገቡ ምልክቱን ሊያደበዝዙት ይችላሉ።

አሁን ወደ ክሬቲን። በአጭር ፍንዳታ፣ ማለትም በዝላይና በስማሽ ጊዜ ጡንቻ የሚጠቀምበትን ፈጣን የኃይል ክምችት የሚሞላው እሱ ነው፤ ለዚህ ጨዋታ ከሁሉም የሚቀርበውም እሱ ነው። ክሬቲን ሞኖሃይድሬት የሚለውን ተራውን ይግዙ፤ ውድ የሆኑት ዓይነቶች ከሱ አይበልጡም። ብዙ ጣሳ ላይ በቀን 20 ግራም ለ5 ቀን ተብሎ ይጻፋል። ባድሚንተን ተጫዋች ይህን ቢዘለው ይሻለዋል፤ ውሃ ስለሚያስቋጥር ክብደት በአንድ ሳምንት 1 ወይም 2 ኪሎ ሊጨምር ይችላል፣ እግር ደግሞ ይህን ወዲያው ያውቃል። በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ከወሰዱ በ4 ሳምንት ገደማ እዚያው ይደርሳሉ። ስለዚህ ጅምሩ በዝግጅት ወቅት ይሁን እንጂ ውድድር ሳምንት ሲቀረው አይሁን። በቀዝቃዛ ውሃ ሲበጠበጥ ብርጭቆው ሥር እንደ አሸዋ ይዘቅጣል፤ ለብ ባለ ውሃ በጥብጠው ወዲያው ይጠጡት፣ በጥብጦ ለነገ ማሳደር አያዋጣም። የኩላሊት ምርመራ ካለብዎ ክሬቲን እንደሚወስዱ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የኩላሊት ሥራ የሚገመትበትን የክሬያቲኒን ቁጥር ከፍ ስለሚያደርገው በስህተት የኩላሊት ችግር ሊመስል ይችላል። ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ግን አይንካው።

ካፌይን ንቃትንና ፍጥነትን ይረዳል፤ ጣጣው እጅ ላይ ነው። የተለመደው መጠን በኪሎ 3 ሚሊግራም ሲሆን ለ60 ኪሎ ሰው 180 ሚሊግራም ይሆናል፤ ከጨዋታው አንድ ሰዓት በፊት ይወሰዳል። በግማሹ ይጀምሩ። አጭር ሰርቭ ሲመታ ሻትሉ (የባድሚንተኑ ባለ ላባ ኳስ) ከወለል ከ1.15 ሜትር በታች ሆኖ ተመትቶ 1.524 ሜትር ከፍታ ያለውን የመረቡን መሐል ለጥቂት ማለፍ አለበት። ጣት ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ሻትሉ ከፍ ይላል፣ ተቀባዩም ወደ ታች መትቶ ነጥብ ያገኝበታል። በልምምድ ቀን 20 አጭር ሰርቭ ያለ ካፌይን፣ በሌላ ቀን 20 ከካፌይን ጋር ይምቱና ስንቱ መረቡን ታኮ እንዳለፈ ይቁጠሩ። ቁጥሩ ከወረደ መጠኑን ይቀንሱ። ካፌይን በአማካይ ከ5 ሰዓት በኋላም ግማሹ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ የማታ ጨዋታ ላይ መውሰድ የነገውን እንቅልፍ አልባ ጨዋታ መግዛት ነው።

«ፕሪ ወርክአውት» የሚባሉት ድብልቅ ዱቄቶች ካፌይናቸው ስንት እንደሆነ ብዙ ጊዜ በግልጽ አይጻፍም፤ ይለፏቸው። ከጠጡ በኋላ ፊትንና ጣትን የሚነዝረው ቤታ አላኒን ነው። የሚጠቅመው በዋናነት ከ1 እስከ 4 ደቂቃ ለሚዘልቅ ያልተቋረጠ ጥረት ስለሆነ ለባድሚንተን ያን ያህል አይደለም።

በሦስተኛው ጌም (የጨዋታው ዙር) ባት ሲሸማቀቅ ሁሉም ማግኒዥየም ይላል። መንስኤው በአብዛኛው የጡንቻ ድካም ነው፤ ጉድለት ከሌለ ማግኒዥየም ብዙም አይፈይድም፣ በቀን ከ350 ሚሊግራም በላይ በኪኒን ከተወሰደ ደግሞ ሆድ ያስቀምጣል።

ከአንድ ሰዓት በላይ የሚጫወት ሰው መጠጡን ራሱ ማዘጋጀት ይችላል፦ 1 ሊትር ውሃ፣ 60 ግራም ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው (1.5 ግራም ያህል)። ስኳሩ ከ80 ግራም ካለፈ መጠጡ ከሆድ ቶሎ ስለማይወርድ ሲሮጡ ይንቦጫረቃል። በ11ኛው ነጥብ ላይ ባለው የ60 ሰከንድ፣ በጌሞች መካከልም ባለው የ120 ሰከንድ ዕረፍት ጥቂት ጥቂት ይጎንጩ። ከጨዋታ በፊትና በኋላ ላብዎን ጠርገው፣ ቀለል ያለ ልብስ ለብሰው ይመዘኑ። የቀነሰው ከሰውነት ክብደት 2 ከመቶ በላይ ከሆነ የጠጡት አነሰ፤ ክብደት ከጨመሩ ደግሞ በዛ፣ ይህም በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ስለሚያቀጥን አደገኛ ነው። ሸሚዝ ላይ ነጭ የጨው ክብ የሚቀርበት ሰው ጨውን እስከ 2.5 ግራም ያድርስ።

አዲስ ነገር ሁሉ አንድ በአንድ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት ይጀመር፤ ሁለቱ ባንድ ላይ ከተጀመሩ ሆድ ያመመው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ፣ ነፍሰ ጡር ወይም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጀምር።

የሚመረመሩበት ውድድር ላይ የሚሰለፉ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ማሌዥያዊው የባድሚንተን ተጫዋች ሊ ቾንግ ዌይ በ2014 ኮፐንሃገን በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ላይ ዴክሳሜታዞን የተባለ፣ በውድድር ወቅት የተከለከለ መድኃኒት ተገኘበት። ጉዳዩን ያየው የዓለም ባድሚንተን ፌዴሬሽን ችሎት መድኃኒቱ የገባው ኮርዲሴፕስ ከተባለ ሳፕሊመንት እንክብል ጋር መሆኑንና የማታለል ሐሳብ እንዳልነበረው ተቀበለ፤ ያም ሆኖ 8 ወር ታገደ፣ የብር ሜዳሊያውንም አጣ። በፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ ሰውነት ውስጥ ለተገኘው ተጠያቂው ተጫዋቹ ነውና። ስለዚህ ኢንፎርምድ ስፖርት ወይም ኤንኤስኤፍ ሰርቲፋይድ ፎር ስፖርት የሚል፣ ምርቱ ለተከለከሉ ቅመሞች መመርመሩን የሚያሳይ ምልክት ያለውን ይምረጡ፤ ይህ ስጋቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። የምርት መለያ ቁጥሩን (ባች) ፎቶ ያንሱ፣ የተገዛበትን ደረሰኝ ያስቀምጡ። ጣሳው ሊያልቅ ሲል ጥቂት ዱቄት ወይም አራት አምስት እንክብል ሥሩ ላይ ያስቀሩ፤ ጥያቄ ከመጣ ላቦራቶሪ የሚመረምረው እሱን ነው።