ድሬ ላይ በጋራ ቤት የምትከራዩ ተማሪዎች፣ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ግቢያችን ከጀርባው ሰርቪስ ክፍሎች አሉት። ቤተሰቦቼ ለተማሪ ሲያከራዩ እያየሁ ነው ያደግኩት። አሁን ደግሞ ከሌላ አገር የመጣ ልጅ ቤት ሲፈልግ አብሬው እዞራለሁ። መስከረምና ጥቅምት ላይ ልጆቹ ሲሳሳቱ አያለሁ። ግንቦት ላይ ያው ስህተት ፍራሽ አሸክሞ ከቤት ሲያስወጣቸው አያለሁ። አንጀቴን ይበሉኛል። ስለዚህ ዘንድሮ ቀድሜ ልጻፈው ብያለሁ።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ተማሪ ዶርም አለው። ይህን የምጽፈው ለግል ኮሌጅ፣ ለማታና ለቅዳሜና እሁድ ተማሪዎች፣ ለሥራ ልምምድም ለሚመጡት ነው። ሁሉም መሀል ከተማ መሆን ይፈልጋል። ከዚራ፣ ለገሀሬ፣ መጋላ ይላል። ኪራዩ ለአንድ ሰው ስለማይቀመስ ሦስትም አራትም ሆኖ መግባት ግድ ነው። ችግሩ የሚጀምረውም እዚያው ላይ ነው።

ቤቱን በጥቅምት፣ ያውም በጠዋት አይቶ መወሰን

ከሁሉም በላይ የሚያበሽቀኝ ይሄ ነው።

ልጁ ጥቅምት ላይ ይመጣል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከደላላ ጋር ቤት ያያል። ነፋሱ ደስ ይላል። «የት አለ የድሬ ሙቀት ሲሉ የነበረው?» ይለኛል። እኔም እነግረዋለሁ። ድሬ ከኅዳር እስከ ጥር ገነት ናት። ከተማዋ ያለችው ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ግማሽ ከፍታ ማለት ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀኑ 35 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የፈተና ሰሞን ማለት ያ ወቅት ነው። እናንተ ቤቱን የምትመርጡት ለጥቅምት ሳይሆን ለግንቦት ነው። ይህን ስንት ጊዜ ተናገርኩ! ሰሚ ግን የለም።

ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ግንቦት ላይ ምድጃ ነው። ቀን የጋለው ብሎኬት ግድግዳ ደግሞ ሙቀቱን ማታ ነው የሚለቀው። እናንተ ከትምህርት ገብታችሁ ልታርፉ ስትሉ ግድግዳው ይጀምራል። አራት ሰው ሲጨመርበት፣ የአራት ሰው ትንፋሽ፣ ስቶቭ፣ ላፕቶፕ ሲደመር እስቲ አስቡት። ሦስት ሴት ልጆች የተከራዩትን አንድ ክፍል አውቃለሁ። ቀለሙ አዲስ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ስታዩት ያምራል። መስኮቱ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ምዕራብ። ግንቦት ሲገባ ፍራሻቸውን ግቢ አውጥተው ሊተኙ ሲሉ አከራይዋ «ግቢዬ ውስጥ ሰው አይተኛም» አሏቸው። ፈተና ሊጀምር ጥቂት ቀን ሲቀረው ቤት ፍለጋ ወጡ። ቅድሚያ የከፈሉት ብር እዚያው ቀረ። ከሦስቱ አንዷ ያን ሰሞን ሁለት ኮርስ ወደቀች። ጎበዝ ልጅ ነበረች።

እና ምን ታደርጋላችሁ? ቤቱን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እዩት። ድሬ ሱቋን ዘግታ ጥላ በምትፈልግበት ሰዓት ሂዱ። ደላላው «አሁን ባለቤቶቹ ተኝተዋል» ካለ ጠብቁ፤ ያን ሰዓት እንዳታዩ የሚፈልግበት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ገብታችሁ በሩን ዝጉትና አሥር ደቂቃ ቁሙ። እጃችሁን በምዕራቡ ግድግዳ ላይ አድርጉ። ቀና ብላችሁ ኮርኒስ መኖሩን አረጋግጡ። መስኮትና በሩ ፊት ለፊት ከሆኑ ነፋስ ያልፋል፤ አንድ ጎን ብቻ ከሆኑ አያልፍም። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ግቢ ውስጥ መተኛት ይፈቀዳል ወይ? ቬንትሌተር ሌሊቱን ሙሉ ማብራት ይፈቀዳል ወይ? «በኋላ እንነጋገራለን» ከተባለ መልሱ አይፈቀድም ነው።

«የከዚራ የድሮ ቤት» የሚለው ቃል ደግሞ አያታልላችሁ። ከዚራ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከደረሰ በኋላ የተቆረቆረ ሰፈር ነው። የዚያ ዘመን ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ ነው፤ እውነትም ይቀዘቅዛሉ። ግን በድሮው ቤት የሚኖሩት አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቶቹ ናቸው። ለእናንተ የሚሰጠው ከጀርባ የተቀጠለው ነው። ደላላው በፊት ለፊቱ በረንዳ አሳልፎ ስለሚያስገባችሁ ዓይናችሁ እዚያው ይቀራል።

«ውሃ አለ?» ብሎ መጠየቅ

«እትዬ፣ ውሃ አለ?» «አለ ልጄ፣ ለምን አይኖርም?» በዚህ አለቀ። ቧንቧ መኖሩና ውሃ መምጣቱ ግን ለየቅል ናቸው። ጥያቄው መሆን ያለበት «መጨረሻ የመጣው መቼ ነው? በፈረቃ ከሆነ በየስንት ቀኑ? ሲመጣ ማን ይቀዳል?» ነው። የግቢውን ተከራዮች ለየብቻ ጠይቁ። በርሜሎቹንም ቁጠሩ። በርሜልና ጀሪካን የተደረደረበት ግቢ ውሃ በደንብ የሚመጣበት ግቢ አይደለም።

የድሬ ውሃ ጨው እንዳለው ታውቃላችሁ፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። እሱ ይለመዳል። የማይለመደው ክዳን የሌለው በርሜል ነው።

እዚህ ላይ እባካችሁ አትቸኩሉ። በ2006 ዓ.ም. ደንጊ ትኩሳት ድሬ ላይ ተነሥቶ ብዙ ሰው ጣለ። በ2011 መጨረሻ ቺኩንጉንያ መጣ፤ መገጣጠሚያ የሚያሥረው፣ ሰውን አጉብጦ የሚያስሄደው በሽታ። የሁለቱም አስተላላፊ ቀን የምትነክስ ትንኝ ናት፤ ስለዚህ የሌሊት አጎበር ብቻውን አያድናችሁም። በ2014 ደግሞ ወባ ሲበረታ የዩኒቨርሲቲው ዶርም ተማሪዎችም ታመዋል። አጥኚዎች ከዚያ ወረርሽኝ ጋር ያያዙት አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለውን ትንኝ ነው። ይህኛው ረግረግ አይፈልግም። በርሜል፣ ሮቶ፣ የሲሚንቶ ገንዳ ይበቃዋል። የሦስቱም በሽታዎች አስተላላፊ ትንኞች የሚፈለፈሉት ውሃ በሚጠራቀምበት ግቢ ውስጥ ነው። ቤት ስታዩ የበርሜሉን ክዳን አንሡና ውስጡን ተመልከቱ። የሚንቀሳቀሱ ትንንሽ ትሎች ካያችሁ ተራ ትል አይደሉም፤ የትንኝ ልጆች ናቸው። ያን ግቢ ትታችሁ ውጡ ማለቴ አይደለም። ክዳን ለመግጠምና በየሳምንቱ በርሜሉን አጥቦ ለመቅዳት ከአከራዩ ጋር ተስማሙ። ይህን ሐሳብ ስትነግሩት የሚስቅባችሁ አከራይ ከሆነ ግን ሌላ ቤት ፈልጉ።

ረከሰ ብሎ ደቻቱ ዳር መግባት

ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ገበያም ይዘረጋበታል። ከደጋ የመጣ ልጅ «ወንዙ የታል?» ይላል። ከዚያ ዳሩ ላይ ርካሽ ክፍል ሲያገኝ ደስ ይለዋል።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ በሺዎች የሚቆጠር ተፈናቀለ። ዝናቡ የጣለው ከላይ ከደጋው በኩል ነው። ሰው ተኝቶ ሳለ ነው ጎርፉ የደረሰው። ከዚያ ወዲህ ዳርና ዳር መከላከያ ተሠርቷል። ያም ሆኖ እኔ የማውቀው ልጅ ወንዙ ጥግ ካለ ዝቅተኛ ክፍል እንዲገባ አልመክርም። ሰማዩ በደጋው፣ በደንገጎ በኩል ሲጠቁር ከተማው ላይ ፀሐይ ቢኖርም ተጠንቀቁ። ቤት ስታዩ ግድግዳው ላይ የድሮ የውሃ ምልክት ፈልጉ፤ የግቢው በር ከመንገዱ ዝቅ ይል እንደሆነም እዩ። የሰፈሩን ሽማግሌ ጠይቁ፤ አከራይ ይደብቅ ይሆናል፤ ጎረቤት አይደብቅም። ከመጋላ ወደ ከዚራ የምትመላለሱ ከሆነ ደግሞ ወንዙ በሞላ ቀን በየትኛው ድልድይ እንደምትሻገሩ አስቀድማችሁ እወቁ።

በአንድ ልጅ ስም መዋዋል

አራት ልጆች ናቸው። ውሉ ላይ የፈረመው አንዱ ነው፤ የሌሎቹ ስም የለም። ብሩን ሁሉም ለእሱ ይሰጡታል፤ እሱ ለአከራዩ ይከፍላል። መጋቢት ላይ ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ አገሩ ሄደ። ለካ የሁለት ወር ኪራይ አልከፈለም። አከራዩ መጥቶ «እናንተን አላውቃችሁም፤ የማውቀው እሱን ነው» አለ። ልጆቹ ኪራዩን ለሁለተኛ ጊዜ ከፈሉ፤ ከዚያም ወጡ። ማንን ይክሰሱ? በእጃቸው ወረቀት የለም።

በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። ኪራይም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ይላል። ስድስት ወር በቅድሚያ የጠየቃችሁን ሰው ይህን በትሕትና ንገሩት። የሁላችሁም ስም ውሉ ላይ ይግባ። እያንዳንዳችሁ ድርሻችሁን በየራሳችሁ ስልክ ወይም ሂሳብ በቀጥታ ለአከራዩ አስተላልፉ። ደረሰኙ ስልካችሁ ላይ ይቀመጥ።

የጋራ ቆጣሪም እዚሁ ይነሣል። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ይጨምራል። ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም በውዱ ተመን ይከፍላል፤ እናንተም አንድ አምፖልና አንድ ቬንትሌተር ይዛችሁ አብራችሁ ትከፍላላችሁ። አከፋፈሉ በሰው ነው ወይስ በክፍል? ሳትገቡ እወቁት።

አብሮ የሚኖረውን ሰው አለመጠየቅ

ሰው ቤቱን አንድ ሰዓት ያያል፤ አብሮት የሚያድረውን ሰው ግን «አቦ፣ ጥሩ ልጅ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጥሩ ልጅ መሆኑን አልጠራጠርም። ማታ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ነው የማታውቁት።

በግልጽ ልናገር፤ ድሬ ላይ ከቀትር በኋላ በርጫ፣ ማለትም ተሰብስቦ ጫት መቃም፣ የተለመደ ነው፤ የሚቅመውን ሁሉ መጥፎ ሰው አልለውም። ግን ክፍላችሁ የሰፈሩ በርጫ ቤት ከሆነ ማጥናት አበቃለት። ስድስት ሰባት እንግዳ ይመጣል፤ ፍራሻችሁ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ በርጫው ካበቃ በኋላ ደግሞ ምርቃናው እስከ እኩለ ሌሊት ያወራል። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ። እንግዳ እስከ ስንት ሰዓት? በየትኞቹ ቀናት? ሳያፍር የሚመልስላችሁ ልጅ ጥሩ አብሮ አደር ነው።

የማዕድ ነገርም አለ። ክርስቲያንና ሙስሊም ልጆች አንድ ክፍል ተከራይተው በፍቅር ሲኖሩ ማየት ድሬ ላይ ብርቅ አይደለም፤ እኔም በዚህ እኮራለሁ። የሚያምርላቸው ግን አስቀድመው የተነጋገሩት ናቸው። የሥጋው ድስት ለየብቻ ይሁን። ረመዳን ላይ አንዱ ለሱሁር ሌሊት ሲነሣ ሌላው እንዳይነጫነጭ፣ ጾም ላይም አንዱ ለጾመኛው ሽታ እንዳያመጣበት ተስማሙ። ያልተነገረ ነገር ግን ይቆይና ድስት ላይ ይፈነዳል።

አጫጭሮቹ

ደላላውን ቤቱን ሳታዩ አትክፈሉት። ቁልፍ ከተረከባችሁ በኋላ የበሩን ቁልፍ ጋን ቀይሩት፤ ከእናንተ በፊት የወጣው ተከራይ ኮፒ ሊኖረው ይችላል። ሽንት ቤቱን ስንት ሰው እንደሚጋራው ቁጠሩ፤ ከውጭ ከሆነም ማታ መብራት አለው ወይ ብላችሁ እዩ፤ በተለይ ሴቶች። ግቢው በር ስንት ሰዓት እንደሚቆለፍ ጠይቁ፤ የማታ ተማሪ ከሆናችሁ ከክፍል ወጥታችሁ በባጃጅ እስክትደርሱ ይቆለፍባችኋል። ዕቃችሁን ከማስገባታችሁ በፊትም የግድግዳውን ስንጥቅ፣ የተሰበረውን መስታወት፣ የቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ አንሡና ለአከራዩ ያን ቀኑኑ በቴሌግራም ላኩለት።