አሮጌው ቢኤምደብልዩ ቦክሰር አልነሳ ሲል፦ ካርቡራተሩን ከመፍታትዎ በፊት

ቢኤምደብልዩ አር 100 አርቲ ለገበያ የወጣው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ ታናሹ አር 80 አርቲ ከአራት ዓመት በኋላ ተከተለው። ሁለቱም ለረጅም መንገድ የተሠሩ፣ በአየር የሚቀዘቅዙ፣ ሻፍት ያላቸው ሞተርሳይክሎች ናቸው። በደንብ ከተያዙ ዛሬም አገር ያቋርጣሉ። ችግሩ ጠዋት አልነሳ ሲሉ ወይም ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጡት ሞተሩ በዝግታ ሲዞር) ሲንተፋተፉ የሁሉም እጅ መጀመሪያ ወደ ካርቡራተሩ መሄዱ ነው። ካርቡራተር ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ይገጠማል፤ ሞተሩ ግን ያው ነው። አሁን ደግሞ ከድሮው ችግር በተጨማሪ የተዛባ ብሎን አለ።

የእኔ አቋም ካርቡራተር መጨረሻ ይፈታ የሚል ነው። መጀመሪያ ባትሪ፣ ቀጥሎ እሳት፣ ከዚያ የቫልቭ ክፍተት፣ ከዚያ በኋላ ነዳጅ። በተለይ ቦክሰር ሞተር ያለው ሰው ትልቅ ዕድል አለው። ሁለቱ ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ካርቡራተር (ስሪቱ ቢንግ ይባላል) እና የራሳቸው ካንዴላ አላቸው። ስለዚህ ጤነኛው ጎን ለታመመው ጎን መለኪያ ይሆናል። አንዱ ጎን ብቻ ከታመመ ሁለቱ የሚጋሩት ባትሪ ከጥርጣሬ ይወጣል። ሁለቱም እኩል ከታመሙ ደግሞ ሁለት ካርቡራተር በአንድ ሌሊት አብሮ አይበላሽምና የሚጋሩትን ነገር ይፈልጉ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

ሞተሪኖው አይዞርም፣ ወይም እየተጎተተ ይዞራል

ምንም ድምፅ ከሌለ ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን ይዩ፤ ፍሪሲዮኑንም ጨምቀው ይሞክሩ። በአንዱ ተነስቶ በሌላው እምቢ ካለ ጥፋቱ ከማርሽ ወይም ከፍሪሲዮን ማብሪያው እንጂ ከሞተሪኖው አይደለም።

«ጠቅ» ብሎ የሚቀር ከሆነ ወይም ሞተሪኖው በድካም የሚዞር ከሆነ ቴስተር ያስፈልጋል። ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ 12.2 ካሳየ ግማሹ አልቋል። የበለጠ የሚናገረው ግን ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ የሚታየው ቁጥር ነው። ከ10 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ገመዱ ጥሩ አልያዘም። የባትሪው ማሳ (የኔጌቲቭ ገመዱ) ጊርቦክሱ ላይ የኪሎሜትር ገመዱን በያዘው ቡሎን ይታሰራል፤ ይህ ቦታ ዝገትና ዘይት ይወዳል። ፈትተው፣ በብርጭቆ ወረቀት አጽድተው መልሰው ያጥብቁት። ብዙ ሰው ባትሪ ከገዛ በኋላ ነው ይህን የሚያስታውሰው።

ሌላም ምልክት አለ። ሞተሩ የሚነሳው ጣትዎን ከማስነሻው ላይ ባነሱበት ቅጽበት ብቻ ከሆነ ሞተሪኖው ኤሌክትሪኩን ሁሉ እየወሰደ ለካንዴላው የሚተርፍ ጠፍቷል ማለት ነው። ይህም የባትሪ ጉዳይ ነው።

አዲስ ባትሪ በሳምንቱ ከሞተ ዲናሞው አይሞላም። እዚህ ላይ ቀይዋን የቻርጅ መብራት ልብ ይበሉ። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ዲናሞውን የሚቀሰቅሰው የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በእሷ አምፖል ውስጥ ነው። አምፖሏ ከተቃጠለች ዲናሞው ደህና ሆኖ ሳለ ባትሪ ላይሞላ ይችላል። ቁልፉን ሲከፍቱ መብራቷ ካልበራች መጀመሪያ አምፖሏን ይቀይሩ። ከበራችና ሞተሩ ተነስቶም ካልጠፋች ወደ ዲናሞው ብሩሾችና ሮተር ይሂዱ፤ ጤነኛ ሮተር በቴስተር 3 ኦም አካባቢ ያሳያል። የፊቱን የሞተር ክዳን ከመክፈትዎ በፊት ግን የባትሪውን ማሳ የግድ ይፍቱ። ከክዳኑ ስር ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት ገመድ አለ፤ ክዳኑ ከነካው የዳዮድ ሰሌዳው ይቃጠላል።

ሞተሪኖው በደንብ ያዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም

ሁለቱንም ካንዴላዎች ያውጡ። ብዙ ከሞከሩ በኋላም ደረቅ ከሆኑ ቤንዚን አልደረሰም፤ ከረጠቡ ቤንዚን አለ፣ እሳት የለም ወይም ደካማ ነው።

እሳቱን ለማየት ካንዴላውን ከቆቡ ጋር እንደተገጠመ የሲሊንደሩ ብረት ላይ ያስደግፉት፤ ከካንዴላው ቀዳዳ ራቅ አድርገው፣ የሚተነው ቤንዚን እሳት እንዳይነካ። ሁለቱም ካንዴላ ማሳ፣ ማለትም የሞተሩን ብረት፣ መንካት አለበት። ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ያሉት የኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን አላቸው፤ ቁልፉ ተከፍቶ አንዱ ቆብ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ያን ውድ ዕቃ ሊያቃጥለው ይችላል። ከዚያ በፊት ያሉት ፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሳ መገናኛ) አላቸው። ክፍተቱ ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊሜትር ነው፤ ፊቱ ከተቃጠለ ደግሞ መሞረዱን ትተው ይቀይሩት።

እሳቱ ሰማያዊና ኃይለኛ ከሆነ የቫልቭ ክፍተቱን ይለኩ፤ ይህ የሚረሳ ሥራ ነው። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ለመግቢያው 0.10፣ ለመውጫው 0.20 ሚሊሜትር ነው፤ በቀደሙት ሞዴሎች መግቢያው 0.15 ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ላይ የመውጫው ቫልቭ ወደ መቀመጫው እየሰመጠ ክፍተቱን የመዝጋት ልማድ አለው። ክፍተቱ ሲጠፋ ቫልቩ አይዘጋም፤ ኮምፕሬሽን ይወርዳል፤ ጠዋት ማስነሳት ጭንቅ ይሆናል። ባለቤቱ «ቾኩ አይሠራም» ይላል፣ ካርቡራተሩ ይፈታል። መፍትሔው ግን አንድ ፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) እና ግማሽ ሰዓት ነበር። አንዱ ጎን በየጥቂት ሺህ ኪሎሜትሩ እየጠበበ ከመጣ የሲሊንደሩ ራስ ወደ ባለሙያ መሄድ አለበት።

ሲቀዘቅዝ ብቻ አስቸጋሪ ነው፤ ከሞቀ በኋላ ደህና

ቫልቩም እሳቱም ደህና ሆኖ ይህ ችግር ከቀጠለ አሁን ካርቡራተሩን መንካት ይገባል። ግን ሁሉንም አይደለም፤ የቾኩን መንገድ ብቻ።

በቢንግ ካርቡራተር ጎን ላይ ቾኩ ሲሳብ የምትዞር ትንሽ ክብ ሳህን አለች፤ ስትዞር ለተጨማሪ ቤንዚን መንገድ ትከፍታለች። ቤንዚኑን የሚስበው ከጋዙ ቫልቭ በስተጀርባ ያለው የሞተሩ ምጠት ነው። ስለዚህ ቀዝቃዛ ሞተር ሲያስነሱ ቾኩን ሙሉ ስበው ጋዙን አይንኩት። ጋዝ ከሰጡት ምጠቱ ይጠፋል፣ ቾኩም ሥራ ይፈታል። ብዙ «የተበላሸ» ቾክ በዚህ ብቻ ይድናል።

ካልዳነ የታንኩን መክፈቻ ዘግተው፣ ከካርቡራተሩ ስር ያለውን የቤንዚን ቋት የያዘውን የሽቦ ማቀፊያ ወደ ጎን ገፍተው ቋቱን ቀስ ብለው ያውርዱ፤ ውስጡ ቤንዚን አለ። ሞተሩ የጋለ አይሁን። አሁን ቋቱን ወደ ብርሃን አዙረው ጥጉን ይመልከቱ። ለብቻዋ የተከለለች ጠባብ ጉድጓድ አለች፤ የቾኩ ቀጭን ቱቦ የሚጠልቀው እዚያ ውስጥ ነው። ወደዚህች ጉድጓድ ቤንዚን የሚገባው ከታች ባለች በጣም ትንሽ ቀዳዳ በኩል ነው። የታንክ ዝገትና የደረቀ ቤንዚን ዝቃጭ ሁሉ የሚወርደው ደግሞ በትክክል እዚያው ነው። ቀዳዳዋ ከተደፈነች ሞተሩ ሞቆ ሲሠራ ምንም አይታወቅም፤ ጠዋት ግን ቾኩ የሚጠጣው የለውም። የካርቡራተር ማጽጃ ሲረጩባት በወዲያኛው በኩል ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት። ካልወጣ ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት የመዳብ ፈትል መዘው ያጽዱ። የብረት ሽቦ ወይም መሰርሰሪያ አይጠቀሙ፤ ቀዳዳዋ ከሰፋች ልኳ ጠፋ።

ቀዳዳው ንጹሕ ሆኖ ካልተሻለ የቾኩን ክዳን ከፍተው ጓርኒሲዮኑን ይቀይሩ። የግራና የቀኝ ዕቃ እንዳይቀላቀልብዎ፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ስለሆነ ከተቀያየሩ ሲዘጉት ይከፈታል። አንዱን ጎን ጨርሰው ከገጠሙ በኋላ ብቻ ሌላውን ይፍቱ።

አንዱ ሲሊንደር ብቻ ይሠራል

ከተነሳ በኋላ በሁለቱም የጭስ ማውጫ ቱቦ መነሻ ላይ ጥቂት ውሃ ያንጠባጥቡ። ውሃው ሳይተን የሚቆይበት ጎን የማይሠራው ነው። አሁን ካንዴላዎቹን ያቀያይሩ፤ ችግሩ አብሮ ከተሻገረ ጥፋቱ የካንዴላው ነው። ካልተሻገረ ቆቦቹን፣ ከዚያ የካንዴላ ገመዶቹን በተራ። ምንም ካልተሻገረ በዚያ ጎን ያለው ነዳጅ ወይም ኮምፕሬሽን ቀርቷል። ቋቱን አውርደው መክፈቻውን ለአፍታ ይክፈቱ፤ ቤንዚን በደንብ ካልወረደ በታንኩ ውስጥ ያለው ወንፊት ተደፍኗል። በደንብ ከወረደ የሚኒሞ ጄቱን (ለሚኒሞ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ብሎን) ያውጡና ወደ ሰማይ ይዩበት፤ ክብ ብርሃን ካልታየ ይጽዳ።

ሚኒሞ አይረጋም

ከፍ ዝቅ የሚል፣ ወይም ጋዙን ሲለቁ ለመውረድ የሚዘገይ ሚኒሞ ብዙውን ጊዜ ያልተፈቀደ አየር ይገባል ማለት ነው። ካርቡራተሩን ከሲሊንደሩ ራስ ጋር የሚያገናኘው ጎማ በዕድሜ ይሰነጠቃል። በጋለ ሞተር ላይ ተቀጣጣይ ነገር አይርጩ፤ በአበባ ውሃ መርጫ ትንሽ ውሃ ጎማው ላይ ሲረጩ ድምፁ ከተለወጠ ቦታውን አገኙት። የጋዙ ቫልቭ ዘንግ ላይ ያለችው የጎማ ቀለበትም ትጠርጠር። መሪውን ወደ ግራና ቀኝ ሲያዞሩ ሚኒሞው ከተለወጠ ግን የጋዝ ገመዱ ተወጥሯል፤ ትንሽ ያላሉት።

ይነሳል፣ ግን ጋዝ ሲሰጡት ጉልበት የለውም

በቢንግ ውስጥ ፒስተኑን ወደ ላይ የሚያነሳው ስስ የጎማ ዲያፍራም ነው። ከተቀደደ ፒስተኑ አይነሳም፣ ሞተሩም መሐል ላይ ይታፈናል። የአየር ቱቦውን አውልቀው ፒስተኑን በጣትዎ አንስተው ይልቀቁት፤ ቀስ ብሎ መውረድ አለበት። ሁለቱን ጎኖች ያወዳድሩ፤ አንዱ ዱብ ካለ ዲያፍራሙ ቀዳዳ አለው። አዲሱን ሲገጥሙ ጠርዙ ላይ ያለችው ምላስ በማረፊያዋ ትግባ።

ቤንዚን ይፈሳል

ወደ ቋቱ የሚገባውን ቤንዚን የሚዘጋው መርፌ ላይ ዝቃጭ ተቀምጦ ይሆናል፣ ወይም መርፌውን የሚገፋው ተንሳፋፊ ቤንዚን መጥጦ ከብዷል። ኢታኖል የተቀላቀለ ቤንዚን ባለበት አገር ሁለተኛው የተለመደ ነው፤ በአሜሪካ ያለው ቤንዚን አብዛኛው 10 በመቶ ኢታኖል አለው፣ አዲስ አበባም ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት ተቀላቅሎ ሲሸጥ ነበር። ቋቱን አውርደው፣ ከስር ዕቃ አስቀምጠው ተንሳፋፊውን በጣት ወደ ላይ ያንሱ፤ ከካርቡራተሩ የታች ፊት ጋር ትይዩ ሲሆን ቤንዚኑ መቆም አለበት። ሌሊቱን ሲፈስ ካደረ ሞተር ከማስነሳትዎ በፊት ዘይቱን ያሽቱ። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ይቀይሩት፤ የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት አይጠብቅም።

ጥቂት ሄዶ ይጠፋል፣ አርፎ ይነሳል

እንደቆመ የታንኩን ክዳን ይክፈቱ። «ፍስስ» ብሎ አየር ከገባ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ካልሆነና እሳቱም ከጠፋ ሲሞቅ የሚከዳ ቦቢና (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ጥቅል) አለ።

ደጋ ሲወጣ ብቻ ይንቀፈቀፋል፣ ጥቁር ያጨሳል

ከሱዳን በመተማ ገብቶ ጎንደር የሚወጣ ተጓዥ ከ800 ሜትር ባነሰ ከፍታ ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ካርቡራተሩ ይህን የሚያካክሰው በከፊል ነውና ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። የአየር ማጣሪያውን ይዩ፣ ከዚያ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሳለ የድብልቅ ብሎኖቹን በሁለቱም ጎን እኩል ሩብ ዙር ያጥብቁ። ኮምፕሬሽን ከለኩም በዚህ ከፍታ ቁጥሩ ከማኑዋሉ ዝቅ ማለቱ አያስደንግጥዎ፤ የሚፈለገው ግራና ቀኝ መቀራረባቸው ነው። ቆላ ሲወርዱ ያንን ሩብ ዙር መልሰው ይፍቱት፤ ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ በሙቀት ውስጥ ሞተሩን ያለ ልክ ያግለዋል።