ቲማቲሜ ምን ነካው? ለመሀል አዲስ አበባ ጓሮና በረንዳ ችግርና መፍትሄ

የቲማቲም ቅጠል ሲጠወልግ ወይም አበባው ሲረግፍ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን መድሃኒት ልርጭበት?» ብሎ ነው። ነገሩ ከዚያ ባይጀምር ደስ ይለኛል። መሀል አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ቲማቲም ደግሞ ሙቀት ወዳድ ተክል ነው። መቂ፣ ዝዋይና ቆቃ ላይ እንደልቡ የሚያፈራው ተክል እዚህ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው በብርድ፣ በጥላ፣ በውሃ ፈረቃና ለቦታው በማይሆን ዝርያ ነው። ለእነዚህ ደግሞ የሚረጭ ነገር የለም። ስለዚህ ከምልክቱ እንነሳ። መድሃኒት የሚያነጋግረው ቦታ ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

አበባ ያወጣል፣ ፍሬ ግን አይዝም

የከተማችን ትልቁ የቲማቲም ችግር ይሄ ነው። አበባው በደንብ ይከፈታል። ከቀናት በኋላ አንገቱ ይገረጣና ጠብ ይላል።

ምክንያቱ ሌሊቱ ነው። ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ የቲማቲም የአበባ ዱቄት ሥራውን በቅጡ አይሠራም። አዲስ አበባ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ በአማካይ 7 ወይም 8 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ቀን ላይ ፀሐዩ ስለሚያቃጥል ብርዱን እንረሳዋለን። አበባው ግን አይረሳውም።

ዋናው መፍትሄ የመትከያ ጊዜ ነው። ብዙ ሰው መስከረም ላይ አፈሩ እርጥብ ስለሆነ ይተክላል፤ አበባው የሚከፈተው ግን ልክ ብርዱ ሲገባ ነው። እኔ የምመክረው ዘሩን በታኅሣሥ መጨረሻ ወይም በጥር መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ መስኮት ሥር መዝራት ነው። ችግኙ የካቲት አጋማሽ ላይ ወደ ውጭ ይወጣል። አበባው ሞቅ ባሉት ወራት፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይከፈታል። ፍሬው ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ከባዱ ዝናብ ሳይገባ ይለቀማል።

ዝርያም እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። ጓሮው ክፍት ከሆነ ሮማ ቪኤፍን እመርጣለሁ። ቁመቱ አጭር ነው፣ ፍሬውም ተቀራርቦ ይደርሳል። ክረምቱ ሳይጨርሰው እኛ እንጨርሰዋለን። ማኒ ሜከር ረጅም ነው፤ ወራት ሙሉ እያደገ እያፈራ ስለሚሄድ ዝናቡ መሀል መንገድ ላይ ያገኘዋል። ጣራ ያለው በረንዳ ካላችሁ ትንንሽ ፍሬ ያለውን ቼሪ ቲማቲም ትከሉ። ከትልልቆቹ ይልቅ ብርዱን ተቋቁሞ ፍሬ የሚይዘው እሱ ነው። መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው መልካሳልሳና መልካሾላም ጥሩ ዘሮች ናቸው። መልካሳ ግን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለ፣ ከእኛ በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ያለ ሞቃት ቦታ ነው። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመድረሻ ጊዜ እዚህ ይረዝማል። ስለዚህ ሳምንታት ጨምራችሁ አስቡ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ተክሉን ከድንጋይ ወይም ከብሎኬት ግድግዳ አጠገብ አድርጉት፤ ግድግዳው ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይመልስለታል። የቲማቲም አበባ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ነው፤ ዱቄቱ እንዲራገፍ ግን መነቃነቅ ይፈልጋል። ነፋስ የማይገባበት በረንዳ ላይ ረፋድ ላይ የአበባውን ዘለላ በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት።

ቅጠሉ ጫካ ሆነ፣ አበባ ግን የለም

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ፍግ ማብዛት ነው። ያልበሰለ የዶሮ ወይም የከብት ፍግ ናይትሮጅኑ ብዙ ስለሆነ ተክሉን ወደ ቅጠል ይገፋዋል። ፍጉን አቁሙ፣ ውሃውንም ትንሽ ቀንሱ፤ በራሱ ይስተካከላል።

ሁለተኛው ጥላ ነው። ቲማቲም በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥታ ፀሐይ ይፈልጋል። ዙሪያችን ፎቅ በፎቅ በሆነበት መሀል ከተማ ይሄን ማግኘት ቀላል አይደለም። ፀሐይዋ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል አትሄድም። ከጥቅምት እስከ የካቲት በደቡብ በኩል ታልፋለች። በረንዳችሁ ወደ እንጦጦ ማለትም ወደ ሰሜን የሚያይ ከሆነ በእነዚህ ወራት ቀጥታ ፀሐይ አያገኝም። ከሚያዝያ አጋማሽ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ከመትከላችሁ በፊት አንድ ቀን ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት እየወጣችሁ ጥላው የት እንደሚያርፍ እዩ። በባልዲ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት የተከለ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ተሸክሞ ያዛውረዋል። መሬት ላይ የተከለ ይህ ዕድል የለውም።

የፍሬው ታች ጠቁሮ ጎደጎደ

ሮማና ሌሎች ሞላላ ቲማቲሞች ላይ ይበዛል፤ ቼሪ ላይ እምብዛም አይታይም። ጥቁሩ ነገር ደረቅ እንደ ቆዳ ያለ ነው፣ ሁልጊዜም ከፍሬው ታች ይጀምራል። ይሄ ተላላፊ በሽታ አይደለም። ካልሲየም ፍሬው ጋ ሳይደርስ ሲቀር የሚመጣ ነው። ብዙውን ጊዜ ካልሲየሙ አፈሩ ውስጥ አለ፤ የሚያጓጉዘው ውሃ ነው የሚቆራረጠው።

እዚህ ላይ የውሃ ፈረቃችን ጉዳይ ይመጣል። ለቀናት ውሃ ሲጠፋ ተክሉ ይጠማል። ውሃ የመጣ ቀን ደግሞ ባልዲ ሙሉ እንደፋበታለን። ያው መዋዠቅ ቼሪ ቲማቲምን ያሰነጥቀዋል፤ ውስጡ በድንገት ሲያብጥ ልጣጩ አይችለውም። ሮማው ታቹ ይጠቁራል፣ ቼሪው ይሰነጠቃል፤ ጥፋቱ ግን አንድ ነው።

የእንቁላል ቅርፊት መቅበር ለዛሬው ፍሬ አይደርስም፤ ቶሎ አይበሰብስም። የሚሠራው ውሃን ማመጣጠን ነው። ለተክሉ ብቻ የሚሆን ጀሪካን ለይታችሁ ሙሉ፤ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ትንሽ ትንሽ አጠጡ። አፈሩን በደረቅ ሣር ወይም በገለባ ሸፍኑት። ዕቃው ትንሽ ከሆነ ውሃው ቶሎ ስለሚደርቅ፣ ቢያንስ 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ወይም ከረጢት ተጠቀሙ፤ ታቹንም ብሱት። የጠቆረውን ፍሬ ቁረጡት፤ የሚቀጥለው ዘለላ ጤነኛ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። በልብስ እጥበት ውሃ አታጠጡ። ሳሙናው ውስጥ ያለው ጨው አፈሩ ላይ እየተጠራቀመ ነገሩን ያባብሰዋል።

ክረምት ላይ በጥቂት ቀናት ከሰመ

ቅጠሉ የፈላ ውሃ የተደፋበት መስሎ ይጠቁራል። ግንዱ ላይ ጥቁር ቡናማ ቁስል ይወጣል። አረንጓዴው ፍሬ ላይ ጠንካራ ቡናማ ጠባሳ ይታያል። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩት። በቁስሉ ጠርዝ ስስ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ባለሙያዎች ሌት ብላይት የሚሉት በሽታ ነው።

ይሄኛው እውነተኛ በሽታ ነው፣ ጨካኝም ነው። ከፈረንጆቹ 1845 ጀምሮ የአየርላንድን ድንች ጨርሶ ሕዝቡን ለረሃብ የዳረገው ራሱ ነው። ቀዝቃዛ አየርና ለብዙ ሰዓት የራሰ ቅጠል ይፈልጋል። የእኛ ሐምሌና ነሐሴ ሁለቱንም አሟልተው ይሰጡታል፤ እያንዳንዱ ወር ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያወርዳል። ሮማ ቪኤፍ ማሸጊያ ላይ ያሉት ፊደሎችም ከዚህ አያድኑም። እነሱ የሚናገሩት ከአፈር ስለሚመጡ ሁለት የአጠውልግ በሽታዎች፣ ስለ ቨርቲሲሊየምና ፉዛሪየም ነው።

አንዴ ከያዘው ተክሉን ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ነቅላችሁ ፌስታል ውስጥ ቋጥሩና አስወግዱ። ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩት። ጎረቤት ያለውን ተክል ለማዳን ፍጥነት ያስፈልጋል፤ በሽታው በነፋስና በዝናብ ጠብታ ይዛመታል።

መከላከል ግን ይቻላል፤ ዋናው ቅጠሉን ከዝናብ መጠበቅ ነው። ቀበና አካባቢ ያሉ አንዲት እናት አጥራቸው ሥር በነሐሴ የሚያምር ቲማቲም ነበራቸው። «እማማ፣ ምን ረጭተውበት ነው?» አልኳቸው። «ምን እረጫለሁ ልጄ፣ ዝናቡን ነው የከለከልኩት» አሉኝ። ከላይ ብርሃን የሚያስገባ ፕላስቲክ በእንጨት ወጥረውበታል። ጎንና ጎኑን ክፍት ትተውታል፤ ይሄ ነፋስ ያስገባል፣ ቅጠሉም ቶሎ ይደርቃል። ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። በተክሎቹ መካከል 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ተዉ። መሬት የሚነኩትን የታች ቅጠሎች ቁረጡ። ውሃውን ጠዋት፣ ሥሩ ላይ ብቻ አፍስሱ። ድንች አጠገቡ አትትከሉ፤ በሽታው የሁለቱም ነው።

መድሃኒት የሚያነጋግረው ቦታ ይሄ ነው። እንደ ማንኮዜብ ያሉት ቀድመው የሚረጩ መከላከያዎች ናቸው፤ የታመመውን አያድኑም። የምትረጩ ከሆነ መጠኑንና ከርጭት እስከ ለቀማ የሚጠበቀውን ቀን ማሸጊያው ላይ አንብቡ፣ ጓንትና ማስክ አድርጉ። ልጆች በሚሯሯጡበት ጠባብ ግቢ ግን ፕላስቲኩን ሺህ ጊዜ እመርጣለሁ።

የታች ቅጠሎች ላይ ክብ በክብ የተደራረበ ቡናማ ነጥብ ካያችሁ ሌላ ነው፤ እሱ ኧርሊ ብላይት ይባላል። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። የታመሙትን ቅጠሎች እየቆረጣችሁ፣ አፈሩን በገለባ እየሸፈናችሁ ልትቀጥሉ ትችላላችሁ።

ቅጠሉ ውስጥ ለውስጥ ተበልቶ ብርሃን ያሳልፋል

ቱታ አብሶሉታ ናት። ከደቡብ አሜሪካ የመጣች ትንሽ ግራጫ የእሳት ራት ነች፤ በኢትዮጵያ የታየችው በ2012 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ትሏ በቅጠሉ ሁለት ልጣጮች መካከል ገብታ ሥጋውን ትበላለች። ውስጡ ጥቁር ኩሷ ይታያል። ፍሬው ላይ ደግሞ ከእጀታው ሥር መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ትተዋለች። ብዙ ፀረ ተባይ ለምዳለች፤ ዝም ብሎ መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው። የቤት አትክልተኛ ከገበሬው የሚሻለው ተክሉ ጥቂት መሆኑ ነው። በሳምንት ሁለቴ ቅጠሉን አገላብጣችሁ እዩ፤ የተበላውን ቁረጡና በፌስታል አስራችሁ ፀሐይ ላይ አስቀምጡት። ትሏ በሙቀቱ ትሞታለች። የኒም ዘይት ትንንሾቹን ትሎች ይቀንሳል። ከተቻለ ችግኙን ከመጀመሪያው በስስ መረብ ሸፍኑት።

አጫጭር ጉዳዮች

የችግኙ ቅጠል ከሥር ሐምራዊ ከሆነ፦ ብርድ ነው። ሥሩ ፎስፈረስ መሳብ አቅቶታል። ማዳበሪያ አትጨምሩ፣ ሙቅ ቦታ አድርጉትና ጠብቁ።

ቅጠሉ ወደ ላይ ተጠቅልሎ አረንጓዴ እንደሆነ ከቆየ፦ ኃይለኛ ፀሐይና ደረቅ አየር፣ ወይም ብዙ መቁረጥ ነው። ተዉት።

ሮማ ጥቂት አፍርቶ ካቆመ፦ በብብቱ የሚወጡትን ቅርንጫፎች ቆርጣችኋል ማለት ነው። ያ ለማኒ ሜከርና ለረጃጅም ቼሪዎች የሚሆን ሥራ ነው። ሮማ የሚያፈራው በእነዚያ ቅርንጫፎች ላይ ስለሆነ አትንኩት።

ተክሉ አረንጓዴ እንደሆነ በድንገት ከጠወለገ፦ በክረምት ከሆነ መጀመሪያ አፈሩን ጭመቁት። ውሃ ከተንጠባጠበ ሥሩ ታፍኗል፤ መደቡን ከፍ አድርጉ። አፈሩ ደህና ከሆነ ከግንዱ ታች ቆርጣችሁ በንጹሕ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንጠልጥሉት። ወተት የመሰለ ነገር በቀጭኑ ከፈሰሰ የባክቴሪያ አጠውልግ ነው። ያንን አፈር ለቲማቲም፣ ለድንች፣ ለቃሪያና ለደበርጃን ዳግመኛ አትጠቀሙበት።

ፍሬው አረንጓዴ እንደሆነ ከቀረ፦ ብርድ ነው። ትንሽ ቀላ ማለት ሲጀምር ለቅማችሁ ቤት ውስጥ ከሙዝ ጋር በወረቀት ጠቅልሉት። ብርሃን አይፈልግም፣ ፍሪጅ ግን ያበላሸዋል።

ከጉልት ከገዛሁት ቲማቲም ዘር አወጣሁ፣ ሌላ ነገር በቀለ

ገበያ ላይ የሚሸጠው ብዙው ቲማቲም እንደ ጋሊሊያና ሻንቲ ያለ ድቅል ዝርያ ነው። የድቅል ልጅ እናቱን አይመስልም፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ጭራሽ የማያፈራ ሊሆን ይችላል። ዘር ማስቀረት ከፈለጋችሁ ከሮማ ቪኤፍ፣ ከማርግሎብ ወይም ከማኒ ሜከር አስቀሩ። በመጀመሪያ ያፈራውንና በብርዱ ያልተበገረውን ተክል ምረጡ። በደንብ የቀላውን ፍሬ ጭመቁና ዘሩን ከነጭማቂው በኩባያ 2 ወይም 3 ቀን አቆዩት። ሲሸትና አረፋ ሲያወጣ እጠቡት፤ የሚንሳፈፈውን ድፉ፣ የሰመጠውን ጥላ ላይ በሰሃን አድርቁ። ወረቀት ላይ ካደረቃችሁት ይጣበቃል። በወረቀት ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ የዝርያውን ስምና ዓመተ ምህረቱን ጻፉበት። ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ እስከ 4 ዓመት ይበቅላል።