የሥራ ሰዓት ድምር ላይ የሚሠሩ ስህተቶች፦ የደህንነት ሪፖርት ለምታዘጋጁ

የአደጋ ድግግሞሽ ስሌት ሁለት ቁጥር ነው፦ ላይ የተጎዱ ሰዎች፣ ታች የተሠራ ሰዓት። ላይኛው ላይ ስብሰባ ይጠራል፣ ክርክር ይነሣል፣ ፊርማ ይሰበሰባል። ታችኛውን ግን በወር መጨረሻ አንዱ ከሰው ሀብት ቢሮ በቴሌግራም ይልከዋል፤ ሴፍቲ ኦፊሰሩም ተቀብሎ ፎርሙ ላይ ይለጥፈዋል።

ታችኛው ሲያብጥ ውጤቱ ያምራል። በዓመት 3 ሰው ከሥራ ያስቀረ ጉዳት ደርሶበት የተሠራው ሰዓት 600,000 ከሆነ፣ ድግግሞሹ በሚሊዮን ሰዓት 5 ነው። ያንኑ ሰዓት በስህተት 750,000 ካላችሁት 4 ይሆናል። አንድ መሰላል ሳይጠገን፣ አንድ ጉድጓድ ሳይታጠር የ20 በመቶ መሻሻል ተገኘ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ስህተት ደግሞ ማንም አለቃ አይጠይቅም።

የፔሮሉን ጠቅላላ ሰዓት እንዳለ መገልበጥ

ይህ የስህተቶች ሁሉ አባት ነው። ፔሮል፣ ማለትም የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ፣ የሚያውቀው የተከፈለበትን ሰዓት ነው። የደህንነት ሪፖርት የሚፈልገው ሰውየው ሥራ ላይ ሆኖ ለአደጋ ተጋልጦ የቆየበትን ሰዓት ነው። ሁለቱ አንድ የሚሆኑበት ወር የለም ማለት ይቻላል።

ከሁሉ የከፋው ኦቨርታይም ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው የትርፍ ሰዓት ክፍያ በ1.5 ይባዛል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ያለው በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። ብዙ ፔሮል ሠሪ የሚያባዛው ብሩን ሳይሆን ሰዓቱን ነው፤ በኤክሴል ይቀልለዋል። እና 60 ሰው በቀን 2 ሰዓት ለ20 ቀን ቢያመሽ የተሠራው 2,400 ሰዓት ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ላይ 3,600 ይላል። 40 ሰው 4 እሑድ በ8 ሰዓት ቢገባ 1,280 መሆኑ ቀርቶ 2,560 ይሆናል። ከሁለቱ ብቻ ማንም ያልሠራው 2,480 ሰዓት መጣ። ፔሮል ክፍሉን «ጠቅላላ ሰዓት ስጡኝ» አትበሉ፤ «ከመባዛቱ በፊት ያለውን የታይም ሺት (የየቀኑ የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ) ሰዓት ስጡኝ» በሉ። ለማጣራት ከአንድ ሰው መስመር ጀምሩ፦ ትርፍ ሰዓቱ 7.5 ወይም 10.5 ከሆነ ታይም ኪፐሩ (ሰዓት መዝጋቢው) የጻፈው 5 እና 6 መሆኑን ጠርጥሩ።

ፈቃድም እንዲሁ። የዓመት ፈቃድ፣ የሕመም ፈቃድ፣ የሕዝብ በዓል ደመወዝ ይከፈልበታል እንጂ አይሠራበትም፤ ይውጣ። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ላይ ደግሞ ወሊድ አለ፦ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን። 30 ሴቶች ሙሉ ወሩን ወሊድ ላይ ከሆኑና የወሩን የሥራ ቀን 26 ካደረግነው፣ 30 በ208 ሰዓት 6,240 ሰዓት በሐሰት ይደመራል።

በተቃራኒውም አለ። የወር ደሞዝተኛው ሳይት ኢንጂነር እስከ ማታ 2 ሰዓት ኮንክሪት ሲያስሞላ አምሽቶ ፔሮሉ ላይ 8 ሰዓት ነው። ያመሸበት ይጨመር።

ወሩን ከወር አለማመሳሰል

ፔሮሉ በመስከረም፣ ለውጭ አማካሪው ወይም ለአበዳሪው የሚሄደው ሪፖርት በሴፕቴምበር። «ያው ነው» ተብሎ ይለጠፋል። ያው አይደለም። መስከረም 2018 ከሴፕቴምበር 11 እስከ ኦክቶበር 10 ቀን 2025 ነው። ሴፕቴምበር 4 ላይ የተሰበረ እግር ሰዓቱ ያለው በነሐሴ ፔሮል ውስጥ ነው። መፍትሔው የወር ድምር መቀበልን መተው ነው፤ የቀን የቀኑን ሰዓት ያዙ፣ ከዚያ በፈለጋችሁት ካላንደር ትቆርጡታላችሁ።

ጳጉሜንም አትርሷት። በወር ደሞዝ የሚከፈለው ሰው ፔሮል ላይ ብዙ ቦታ ለብቻዋ አትታይም፤ ሥራው ግን አለ። 4 የሥራ ቀን ብትይዝ ለ150 ሰው 4,800 ሰዓት ነው። የቀን ሠራተኛው ስለሚከፈለው የእሱ ይገባል፣ የደሞዝተኛው ይጠፋል።

የሰዓት አቆጣጠር መደባለቅ

ታይም ኪፐሩ መግቢያ 2:00 ብሎ በእጁ ይጽፋል፣ የጣት አሻራ ማሽኑ መውጫ 17:00 ይላል። ኤክሴል አይጠይቅም፤ 15 ሰዓት ብሎ ያወጣል፣ ምሳ ሲቀነስ 14። ትክክለኛው 8 ነበር። ከ12 በላይ የሆነ የአንድ ሰው የቀን ሰዓት ሁሉ ቀይ ቀለም እንዲቀባ አድርጉ፤ አብዛኛው እዚያ ይያዛል።

የሌሊት ፈረቃ ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። ማሽኑ ቀን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ማታ 1 ሰዓት ገብቶ ጠዋት 1 ሰዓት የወጣው ኦፕሬተር በመጀመሪያው ቀን መውጫ የለውም፣ በማግሥቱ መግቢያ የለውም። አንዳንዱ ሶፍትዌር ሁለቱንም ዜሮ ያደርጋቸዋል። የሌሊት ፈረቃችሁ ሰዓት ከቀኑ በጣም ካነሰ ሠራተኛ ቀርቶ ላይሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ይህንን እዩ።

የንዑስ ተቋራጩን ሰዓት ወስዶ ጉዳቱን መተው

ሰዓቱን ሲሆን «የእኛ ፕሮጀክት ነው»፣ ብረት የወደቀበትን ሰው ሲሆን «የሰብ ኮንትራክተሩ ነው»። ይህ ስህተት ሳይሆን ማጭበርበር ነው፣ ባይታወቅም። ወይ ሁለቱም ይግቡ ወይ ሁለቱም ይውጡ። የዋናው መሥሪያ ቤት ጸሐፊዎችና ሒሳብ ሠራተኞችም እንዲሁ፦ የሳይት አደጋን በእነሱ ሰዓት ማቅጠን የለም።

በቁርጥ የሚሠራ ቡድን፣ ለምሳሌ ብሎኬት ደርዳሪ ወይም ለሳኝ፣ ሰዓት አይመዘገብለትም፤ የሚለካው በካሬ ነው። ካሬውን ወደ ሰዓት ለመቀየር አትሞክሩ። በር ላይ ያለው ዘበኛ መግቢያና መውጫ ይመዝግብ። የኤጀንሲ ዘበኛው ራሱም ይቆጠር፤ የ12 ሰዓት ፈረቃ የሚቆመው እሱ ነው።

አጫጭሮቹ

የምሳ ሰዓት አይደመርም፤ የሻይ ዕረፍት ይደመራል። ካምፕ ውስጥ የተተኛበት ሌሊትና ከቤት በሰርቪስ የተመጣበት አይደመርም፤ ከሳይት ወደ ሳይት ለሥራ የተሄደበት ይደመራል። ዝናብ ጥሎ ወይም ሲሚንቶ ጠፍቶ ሳይት ላይ ተቀምጠው እየተከፈላቸው ከጠበቁ ይደመራል፤ ወደ ቤት ከተለቀቁ የለም።

በ200,000 ሰዓት የሚሰላው ድግግሞሽና በ1,000,000 ሰዓት የሚሰላው አምስት እጥፍ ይለያያሉ። የአሜሪካው 200,000 የ100 ሰው የ40 ሰዓት ሳምንት በ50 ሳምንት ነው። የትኛውን እንደተጠቀማችሁ ከቁጥሩ አጠገብ ጻፉ።

የየወሩን ድግግሞሽ ደምሮ ማካፈል አይቻልም። በአንድ ወር 20,000 ሰዓት ላይ 1 ጉዳት 50 ነው፤ በቀጣዩ 80,000 ሰዓት ላይ ምንም ከሌለ 0። አማካዩ 25 ሳይሆን፣ 1 ለ100,000 ተብሎ 10 ነው። ጉዳቱን ለብቻ፣ ሰዓቱን ለብቻ ደምሩ፤ ትንሽ ሳይት ላይ የ12 ወር ተንከባላይ ድምር (በየወሩ ያለፉትን 12 ወራት መደመር) ይሻላል።

የአንዱ ንዑስ ተቋራጭ ታይም ሺት ከዘገየ የበሩን መዝገብ ሰው ብዛት በ8 አባዙና ከጎኑ «ግምት» ብላችሁ ጻፉ። እውነተኛው ሲመጣ ያለፈውን ወር ራሱን አስተካክሉ። ልዩነቱን በያዝነው ወር ላይ የሚጭኑ አሉ፤ በሁለተኛው ወር የትኛው ሰዓት የየትኛው እንደሆነ ራሳቸውም አያውቁትም።